የሽርት ውሃው አረንጓዴ ሲሆን

የምጥ ጊዜዋ የደረሰ ሴት የሽርት ውሃዋ ሲፈስ መልኩ ጥርት ያለ ወይም ጥቂት ነጣ ያለ ይሆናል። አንዳንዴ ግን ቢጫ፣ አረንጓዴ ወይም ወደ ጥቁር ያደላ ሆኖ ይፈስሳል። ይህ የሚሆነው ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ የመጀመሪያ ሰገራውን ሲለቅ ነው። አዋላጆችና ሐኪሞች ይህን ሰገራ ሜኮኒየም ይሉታል።

ይህን ማብራሪያ የጻፍኩት በአማራ ክልል፣ በቦረና ወረዳ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ በማሻ፣ በወግዲ፣ በከላላ፣ በለጋምቦና በሳይንት ላሉ ነፍሰ ጡሮች፣ ለባሎቻቸው፣ ለእናቶቻቸውና ለአማቶቻቸው ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ጀማሪ አዋላጆችም ይጠቀሙበታል ብዬ አምናለሁ። የማስረዳው አንድ ነገር ነው፤ አረንጓዴ ውሃ ያየ ሰው ወዲያው ከተናገረና ወላዷ ጨቅላን ማስተንፈስ የሚችል ባለሙያ ዘንድ በጊዜ ከደረሰች፣ አብዛኞቹ ሕፃናት ደህና ይሆናሉ። ከቀለሙ ይልቅ የሚጎዳው መዘግየቱ ነው።

ሜኮኒየም ከምን ይገኛል?

ፅንስ የሽርት ውሃውን እየዋጠ ያድጋል። ከውሃው ጋር የቆዳውን ርጋፊ፣ በገላው ላይ የሚበቅለውን ለስላሳ ፀጉርና ቆዳውን የሚሸፍነውን ነጭ ቅባትም ይውጣል። አንጀቱ ውሃውን መጥጦ የቀረውን ያጠራቅማል፤ ሐሞት ሲጨመርበት ጥቁር አረንጓዴና የሚያጣብቅ ይሆናል። ጤነኛ ሕፃን ይህን ሰገራ የሚያወጣው ከተወለደ በኋላ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነው። አራስ የጠየቀች እናት ሁሉ ታውቀዋለች።

ጊዜውን ቀድሞ ለምን ይወጣል?

አንደኛው ምክንያት የፅንሱ መብሰል ነው። የአንጀት እንቅስቃሴን የሚያዝዙት ነርቮችና ሆርሞኖች ሲጎለምሱ ሰገራው በራሱ ጊዜ ሊወጣ ይችላል። ከ34 ሳምንት በፊት ብዙም አይታይም። የመውለጃ ቀኑ እያለፈ በሄደ ቁጥር ግን እየበዛ ይሄዳል፤ እርግዝናው 42 ሳምንት ካለፈ ከ10 ወላዶች በ3 ወይም በ4ቱ ላይ ሊታይ ይችላል።

ሁለተኛውና የሚያሳስበው ምክንያት የኦክስጅን እጥረት ነው። እትብቱ ሲጨመቅ፣ የእንግዴ ልጁ አቅም ሲደክም፣ የእናቲቱ የደም ግፊት ሲጨምር፣ ምጡ ሲረዝም ወይም ሕፃኑ መውጫ ሲያጣ ለፅንሱ የሚደርሰው ኦክስጅን ይቀንሳል። በዚህ ጊዜ አንጀቱ ይንቀሳቀሳል፣ ፊንጢጣውም ይላላል፤ ሰገራውም ይወጣል። አደጋው እዚህ ላይ አያበቃም። የታፈነ ፅንስ በማኅፀን ውስጥ አየር ፍለጋ አጥብቆ ይስባል፤ የሚስበውም አሁን ያቆሸሸውን ውሃ ነው።

ሁለት የተለዩ ሁኔታዎች አሉ። ሕፃኑ በመቀመጫው ሲመጣ ሆዱ ስለሚጨመቅ ሰገራው ሊወጣ ይችላል፤ ይህ ብቻውን ታፍኗል አያሰኝም። ጊዜው ያልደረሰ ፅንስ ላይ አረንጓዴ ውሃ ሲታይ ደግሞ ኢንፌክሽን መኖሩን መጠርጠር ይገባል።

ቀኑን በራሳችን አቆጣጠር ማስላት

ቀን ማለፍ ይህን ያህል የሚያመጣ ከሆነ ቀኑን ማወቅ ግድ ነው። ብዙ እናቶች ግን ቀናቸውን ሳያውቁት ይወልዳሉ፤ በእኔ አስተያየት በቅድመ ወሊድ ክትትል ከሚታለፉት ነገሮች ሁሉ በቀላሉ የሚስተካከለው ይህ ነው።

እርግዝና ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ 280 ቀን ይቆጠራል። የእኛ ወር 30 ቀን በመሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው። በዚያ ቀን ላይ 9 ወር ይጨመራል፤ ከዚያም 10 ቀን። በመካከሉ ጳጉሜ ካለፈች ከ10 ቀኑ ፈንታ 5 ቀን፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን ይጨመራል። የመጨረሻ አበባዋን ጥቅምት 10 ያየች ሴት 9 ወር ስትቆጥር ሐምሌ 10 ትደርሳለች፤ 10 ስትጨምር ቀኗ ሐምሌ 20 ይሆናል። ጥር 1 ያየችው ግን 9 ወር ቆጥራ ጥቅምት 1 ላይ ስትደርስ ጳጉሜን አልፋለች፤ 5 ቀን ብቻ ትጨምርና ቀኗ ጥቅምት 6 ይሆናል።

ቀኑን የማታስታውስ ሴት በዓሉን ታስታውሳለች። «ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው»፣ «ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን»፣ «ሚካኤልን ተሳልመን በተመለስን ማግስት» ስትል አዋላጇ ወደ ቀን ልትመልሰው ትችላለች። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ትዝታው ትኩስ ሳለ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት ክትትል ስትጀምር ነው። በስምንተኛው ወር የምትመጣ ሴት ስለ ቀኗ የምትሰጠው መልስ ግምት ብቻ ይሆናል።

የዓለም ጤና ድርጅት ቀኑ በእርግጠኝነት ከታወቀና 41 ሳምንት ከሞላ ምጡን በሕክምና ማስጀመርን ይመክራል። ስለዚህ የተሰላው ቀን ደርሶ ምጥ ሳይመጣ አንድ ሳምንት ካለፈ «ይመጣል፣ ወንድ ነው የዘገየው» ብሎ ቤት መቀመጥ አይገባም።

ምን ያህል ወላዶች ላይ ይታያል?

በዓለም ዙሪያ ከ100 ወሊዶች ከ8 እስከ 20 በሚሆኑት የሽርት ውሃው በሜኮኒየም ይቆሽሻል። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ቀናቸው ደርሶ በወለዱ እናቶች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት 17.8 በመቶ ሆኖ አግኝቶታል። ዕድሜያቸው ከ30 በላይ በሆነ፣ ምጣቸው በረዘመ፣ ሕፃኑ መውጫ ባጣባቸው፣ ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ባለባቸውና ምጣቸው በመድኃኒት በተጀመረ እናቶች ላይ ይበልጥ ታይቷል። ፈለገ ሕይወት ከሩቅ የተላኩ ከባድ ምጦች የሚደርሱበት ሆስፒታል ስለሆነ ቁጥሩን ለገጠር ጤና ጣቢያ እንዳለ መውሰድ አይቻልም። ዝርዝሩ ግን ለእኛም ይሠራል፤ የረዘመ ምጥና የደም ግፊት በየቀበሌው አሉ።

ውሃቸው ከቆሸሸባቸው ሕፃናት ከ100 አምስት ያህሉ ሜኮኒየሙን ወደ ሳንባቸው ስበው ይታመማሉ። የቀሩት አብዛኞቹ ተወልደው ያለቅሳሉ፣ ይጠባሉ። ይህን የምለው እናቶች አረንጓዴ ውሃ ባዩ ጊዜ ልጃቸው እንደሞተ ቆጥረው እንዳይሸበሩ ነው። አምስት በመቶ ግን ትንሽ ቁጥር አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአማራ ክልል በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት 47ቱ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ የአገሪቱ አማካይ 29 ነበር። ታፍኖ መወለድ ጨቅላዎችን ከሚገድሉት ሦስት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው፤ ሁለቱ ያለ ጊዜ መወለድና ኢንፌክሽን ናቸው።

ቀጭንና ወፍራም

ቀለሙ ብቻ ሳይሆን ውፍረቱም መታየት አለበት። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ወይም ቀለል ያለ አረንጓዴ ሆኖ እንደ ውሃ የሚፈስ ከሆነ ሰገራው ጥቂት፣ ውሃው ብዙ ነው ማለት ነው፤ የልብ ምቱ ደህና ከሆነ ሥጋቱ አነስተኛ ነው። እንደ ክክ ወጥ ወፍሮ፣ ጓል ጓል ብሎ የሚወጣው ግን ውሃው ማነሱንና ሰገራው መብዛቱን ያመለክታል። ተዳክመው የሚወለዱት፣ የአፕጋር ነጥባቸው ዝቅ የሚለውና ሳንባቸው የሚታመመው በአብዛኛው በዚህኛው ወገን ያሉት ናቸው። አፕጋር የሕፃኑን አተነፋፈስ፣ የልብ ምት፣ ቀለም፣ ጥንካሬና ምላሽ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ ከ10 የሚለካ ነጥብ ነው።

የሕፃኑ ጥፍርና እትብት ቢጫ ሆነው ከተገኙ ሰገራው የወጣው ከሰዓታት በፊት ነው። ይህን የምታይ አዋላጅ ልጁ ለረጅም ጊዜ ሲቸገር ቆይቶ ሊሆን እንደሚችል ትረዳለች።

ሳንባው ውስጥ ምን ይፈጠራል?

የሚያጣብቀው ሰገራ ጠባብ የአየር ቧንቧዎችን ይዘጋል። ሙሉ በሙሉ የተዘጋው የሳንባ ክፍል ይጨማደዳል። በከፊል የተዘጋው ደግሞ አየር አስገብቶ ማስወጣት ያቅተዋል፤ አየሩ ተጠራቅሞ ሳንባውን ይነፋዋል፣ ሲብስም ይፈነዳና አየር በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል ይገባል። ሰገራው ሳንባውን ያቃጥለዋል፤ የአየር ከረጢቶች እንዳይጨማደዱ የሚጠብቀውን ፈሳሽም ሥራ ያሳጣዋል።

ከሁሉ የከፋው የሳንባ ደም ሥሮች ጉዳይ ነው። ሕፃን በማኅፀን ሳለ እነዚህ ደም ሥሮች ጠበው ይቆያሉ፤ ሲወለድና ሲተነፍስ ይከፈታሉ። የታፈነና ሳንባው የቆሸሸ ሕፃን ላይ ሳይከፈቱ ሊቀሩ ይችላሉ። ያን ጊዜ ደሙ ሳንባን ሳይነካ ያልፋል፤ ኦክስጅን ቢሰጠውም ሰማያዊነቱ አይለቅም። የእኛ ደጋ ለዚህ አይመችም። ከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ የሳንባ ደም ሥሮች ግፊት የሚወርደው ቀስ ብሎ ነው፤ ብርድም ያጠብባቸዋል። ስለዚህ በቦረና ደጋ ለተወለደ ጨቅላ ሙቀት ራሱ ሕክምና ነው።

አንጎልም ይጎዳል። ጉዳቱን የሚያመጣው የኦክስጅን እጥረቱ ነው፤ ሰገራው ምልክቱ ነው። ለረጅም ጊዜ የታፈነ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሊያንቀጠቅጠው፣ መጥባት ሊያቅተው፣ ካደገም የመቀመጥ፣ የመራመድና የመናገር ችግር ሊገጥመው ይችላል።

እናቲቱ በበኩሏ በኦፕራሲዮን የመውለድ ዕድሏ ይጨምራል፤ የማኅፀን ኢንፌክሽንም ሊያገኛት ይችላል። ከወሊድ በኋላ ትኩሳት፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም የሆድ ሕመም ካለባት ሳትውል ሳታድር ትታይ።

አዋላጇ ምን ታደርጋለች?

የመጀመሪያ ሥራዋ የፅንሱን ልብ ማዳመጥ ነው። ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። በምጡ ጊዜ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ መግፋት ስትጀምር በየ5 ደቂቃ ይደመጣል። የምጡ ሂደት በሚመዘገብበት ወረቀት፣ በፓርቶግራፉ፣ ላይ የውሃው መልክ የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ሜኮኒየም ከታየ «ኤም» የሚለው ፊደል ይጻፋል፤ ውፍረቱም ይመዘገባል። ወረቀቱን ምጡ ካለቀ በኋላ ለሪፖርት ብሎ መሙላት ለማንም አይጠቅምም፤ ተማሪዎቼን በዚህ ጉዳይ የምቆጣው ስለዚህ ነው። ፓርቶግራፍ የሚጠቅመው የሚቀጥለው ግማሽ ሰዓት ሳያልፍ ሲነበብ ነው።

ውሃው አረንጓዴ ሆኖ ልቡ ደህና ከመታና ምጡ እየገፋ ከሄደ ክትትሉ ይጠብቃል እንጂ ለቀለሙ ብቻ ተብሎ ኦፕራሲዮን አያስፈልግም። ልቡ ከዘገየ ወይም በጣም ከፈጠነ ወላዷ በግራ ጎኗ ትተኛለች፤ ምጥ የሚያፋጥነው መድኃኒት፣ ኦክሲቶሲን፣ በግሉኮስ ተሰክቶላት ከሆነ ይቆማል፤ እትብት ቀድሞ ወርዶ እንደሆነ ይታያል። ካልተሻለው ፈጥኖ ማዋለድ ወይም መላክ ነው። ኦክሲቶሲንን ያለ ቁጥጥር መስጠት ማኅፀኑ እንዳይላላ ያደርገዋል፤ ማኅፀን በምጥ መካከል ካልላላ ፅንሱ ኦክስጅን አያገኝም። «አፋጥኑልን» ብለው የሚለምኑ ቤተሰቦች ይህን ቢያውቁ መልካም ነው። ቤት ውስጥ ምጥ ያፋጥናል ተብሎ የሚሰጥ ያልታወቀ መድኃኒትና ሆድን መጫንም እንደዚሁ ጎጂ ናቸው።

የመጀመሪያዋ ደቂቃ

እዚህ ላይ የሕክምናው ትምህርት በአንድ ትውልድ ውስጥ ተለውጧል፤ ለውጡ ያልደረሳቸው ባለሙያዎች ስላሉ ረዘም አድርጌ ላስረዳ።

ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሕፃኑ ራስ እንደወጣ፣ ትከሻው ሳይወጣ፣ አፍና አፍንጫው ይመጠጥ ነበር። ከተወለደም በኋላ ቱቦ ወደ ጉሮሮው ገብቶ ይጠረግ ነበር። ሐሳቡ ምክንያታዊ ይመስላል፤ ሰገራው ሳይሳብ እናውጣው ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ከ2,000 በላይ ጠንካራ ሆነው በተወለዱ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ የታተመ ጥናት ግን በቱቦ መጥረጉ ምንም እንዳልጠቀማቸው አሳየ። በ2004 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲናና በአሜሪካ ከ2,500 በላይ ሕፃናት ላይ ተሠርቶ የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ራስ እንደወጣ መምጠጡም ጥቅም እንደሌለው አረጋገጠ። ምክንያቱ ከላይ የተናገርነው ነው፤ ብዙዎቹ የታመሙት ሰገራውን የሳቡት ገና በማኅፀን ሳሉ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጡት ዓለም አቀፍ ምክሮች ተዳክሞ ለተወለደ ሕፃንም ቢሆን በቱቦ መጥረግን እንደ ደንብ ማድረጉን አስቀርተዋል። የመጀመሪያዋ ደቂቃ በመጥረግ ካለፈች ሕፃኑ ያለ አየር ይቆያል።

ስለዚህ የዛሬው ሥርዓት እንዲህ ነው። ሕፃኑ አልቅሶ፣ ተንቀሳቅሶ ከተወለደ ውሃው ምንም ያህል ቢቆሽሽ አይመጠጥም፤ ደርቆ በእናቱ ደረት ላይ ይደረጋል። ካላለቀሰ ይደርቃል፣ ይሞቃል፣ ጀርባው ይታሻል፤ አፉን የሞላ ነገር ካለ ብቻ ፈጥኖ ይጠረጋል። አሁንም ካልተነፈሰ እትብቱ ተቆርጦ በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጠው ከረጢት፣ በአምቡ ባግ፣ እና በልኩ በሆነ ማስክ አየር ይሰጠዋል፤ በደቂቃ 40 ጊዜ ያህል፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል እየታየ። ይህ ሁሉ ከተወለደ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው መጀመር አለበት። እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ መምታትና ቀዝቃዛ ውሃ መርጨት ይጎዱታል።

አረንጓዴ ውሃ ያየች አዋላጅ አምቡ ባጉን ሕፃኑ ከወጣ በኋላ መፈለግ የለባትም። አስቀድማ አውጥታ በመዳፏ ጨምቃ ትፈትነዋለች፤ ማስኩን ትመርጣለች፣ ክፍሉን ታሞቃለች፣ ረዳት ትጠራለች።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሰዓታት

ደህና መስሎ የተወለደ ሕፃን ሰዓታት ቆይቶ ሊታመም ስለሚችል ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋሙ መቆየት አለበት። በደቂቃ ከ60 ጊዜ በላይ ከተነፈሰ፣ ሲተነፍስ ካቃሰተ፣ አፍንጫው ከተነፋ፣ የጎድን አጥንቱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም መጥባት እምቢ ካለ ወዲያው ይታያል። ኦክስጅን፣ ሙቀትና ፈሳሽ ያስፈልገዋል፤ ሲብስ በአፍንጫው በግፊት አየር የሚሰጠው መሣሪያ፣ ሲፓፕ፣ ያለበት የጨቅላ ሕፃናት ፅኑ ሕክምና ክፍል መግባት አለበት።

ለአያቶች አንድ ልመና አለኝ። ለአዲስ ሕፃን ቅቤ ማላስ የቆየ ልማዳችን ነው፤ በፍቅርም የሚደረግ ነው። አተነፋፈሱ የፈጠነ ጨቅላ ግን ቅቤው ወደ ሳንባው ሊገባበት ይችላል። ለጤነኛውም ቢሆን የእናቱ እንገር ይበቃዋል። ገላውንም ቢያንስ ለ24 ሰዓት አትጠቡት፤ አረንጓዴው ቀለም ቢያሳፍርም በደረቅ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል። ብርዱ ከእድፉ ይበልጥ ይጎዳዋል።

ደሴ ሩቅ ነው

የእኛ አገር መልክዓ ምድር ለዚህ ችግር አይራራም። ቦረናና አካባቢዋ በዓባይና በበሽሎ ሸለቆዎች የተቆራረጡ ደጋዎች ናቸው፤ ከአንዱ ቀበሌ ወደ ሌላው ገደል ወርዶ መውጣት አለ። ከመካነ ሰላም በአቀስታ በኩል ትልቁ የሪፈራል ሆስፒታል እስካለባት እስከ ደሴ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከገጠር ቀበሌ እስከ ጤና ጣቢያ በቃሬዛ፣ ከዚያም በአምቡላንስ የሚባክነው ጊዜ ሲደመር የታፈነ ፅንስ የሚችለው አይደለም። ጦርነቱ የደረሰባቸውን ዓመታትም አንረሳም፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴ በተያዘችበት ጊዜ ትልቁ የሪፈራል ሆስፒታል ራሱ ተዘርፎ ነበር። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ያለ ድምፅ ከሚጎዱት መካከል ወላዶች አሉ።

ስለዚህ ውሳኔው ከምጥ በፊት መሆን አለበት። የእናቶች ማቆያ የተሠራው ለዚህ ነው። በአገራችን የመጀመሪያው በ1976 እ.ኤ.አ. በጉራጌ አጣጥ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ዛሬ በብዙ ጤና ጣቢያዎች ይገኛል። ቤቷ ሩቅ የሆነ፣ ግፊት ያለባት ወይም ከዚህ በፊት ምጥ የጠናባት ሴት ቀኗ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እዚያ ገብታ ብትጠብቅ ገደሉን በምጥ አትወርደውም። በመንግሥት ጤና ተቋም መውለድ በነፃ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በሁለተኛ ዲግሪ የሚሠለጥኑ ባለሙያዎች በመኖራቸውም ኦፕራሲዮን ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ባሉ ሆስፒታሎች መሥራት ተችሏል። ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ግን ወላዷ ስትደርስ ነው። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአገሪቱ በጤና ተቋም የተወለዱት 48 በመቶ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት አምቡ ባግ በሌለበት ቤት ተወልደዋል ማለት ነው።

ውሃው ቤት ውስጥ ከፈሰሰ

አዋላጇ «እታለም፣ ውሃሽ መቼ ፈሰሰ? መልኩስ እንዴት ነበር?» ብላ ስትጠይቅ፣ ወላዷ በምጥ ተይዛለችና መልሱን የምታውቀው ብዙ ጊዜ አብራት የመጣችው ናት። እሷም «አረንጓዴ ቢጤ ነበር፤ እንዳላስደነግጣት ዝም አልኩ» ትላለች። ዝም አትበሉ። ውሃ ሲፈስ በነጭ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ተቀበሉት፣ ሰዓቱን ያዙ፣ መልኩን በብርሃን እዩ። ምጥ ባይጀምርም፣ ውሃው ጥርት ያለ ቢሆንም ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ አረንጓዴ ከሆነ ግን ቡና እስኪፈላ፣ ዘመድ እስኪሰበሰብ አትጠብቁ። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውሉ፤ አምቡላንስ የምትጠራውም ለጤና ጣቢያው የምትነግረውም እሷ ናት። በመንገድ ላይ ወላዷን በግራ ጎኗ አስተኟት። ጨርቁንም ይዛችሁ ሂዱና ለአዋላጇ አሳዩአት።